የእናትሽ ካርድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን

የኔ ቁጡ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን ልል ነበር፤ "ደህና ማለት ምን ማለት ነው?" ብለሽ እንዳታፋጥጪኝ ፈራሁ። እናትሽ ሦስተኛውን ኬሞ ጨርሳለች። ፀጉሯ ሲረግፍ በራዬን እየዳበሰች "አንተን ለመምሰል ስንት ዓመት ፈጀብኝ!" ብላ ሳቀችብኝ። ከትናንት ወዲህ ሾርባም እሺ ብሏታል።

ጠበቃ ስለያዝሽልን ተባረኪ። ጎበዝ ሴት ናት። የእናትሽ የጡት ናሙና ውጤት ካንሰር መሆኑን ይዞ ከላቦራቶሪ ከወጣ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ሐኪሙ ጋ አልደረሰም፤ ሐኪሙም "ክፉ ነገር ቢኖር እንጠራሽ ነበር" ብሎ ሸኝቷታል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ካሳ ይከፍላል ትላለች ጠበቃዋ። ሐሙስ የምመሰክረው እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት እዚያው ካርድ ክፍል ሠርቼ፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ልጄ፣ ጉዱም እሱ ነው።

እናትሽ ወረፋ ስትቆም እግሯ ያብጣል። እኔ ሆዬ፣ ባለሥልጣን ነኝ ብዬ፣ ካርዷን ከመደርደሪያው አውጥቼ የራሴ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። በመጣች ቁጥር መዝዤ በእጄ ለሐኪሙ አደርስላታለሁ፣ እሷም ሳትጉላላ ትገባለች። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ውጤቱ ሲመጣ ታዲያ ባልደረባዬ መደርደሪያው ላይ ካርዷን አጣና ውጤቱን "ካርድ ያልተገኘላቸው" ከሚባለው ክምር ጨመረው። ያን ክምር በየሳምንቱ ማጣራት ነበረብን። ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም።

ለጠበቃዋ ስነግራት ክው አለች። "ካልተጠየቁ አያንሱት፤ ካሳው ሊቀር ይችላል" አለችኝ። የቀረው ሕክምና ደግሞ በዚያ ካሳ ነበር የታሰበው።

እሁድ ለእናትሽ ሁሉን አወጣሁላት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸች! እጄን ያዘችና "ዝም ብትል በባልደረባህ ላይ አይደል የሚያላክኩት? እሱም እኮ ሚስት አለው" አለችኝ። የራሷን ትታ! አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ሐሙስ መሳቢያውንም ክምሩንም እናገራለሁ። ካሳው ቢቀር ቤቱን ሸጬ አሳክማታለሁ፤ እሷም ይህን ሰምታ "አንተንስ ማን ይገዛል?" ብላኛለች። አንቺ ግን ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው።

አምላክ ካንቺ ፊቱን አይመልስ፤ የደከምሽበትን ሁሉ ይባርክልሽ። ስትደውዪ እናትሽን አስቀድሚ። ከዚያ "አባዬስ?" ካልሽ አጠገቧ ነኝ። ካላልሽም አጠገቧ ነኝ።

አባትሽ