ስለ አቶ ሜርል አሊ ዕረፍትና ስለተፋቀው እንቁላል

የጎርሃም ወሽመጥ የሎብስተር አጥማጆች ማኅበር የቀድሞ አባሉ አቶ ሜርል አሊ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሐዘኑን ከመግለጹ በፊት ግን ለዓመታት የደበቀውን ይናገራል፦ አቶ ሜርል ስም አጥፊ ተብለው ከማኅበሩ የተባረሩት እውነት ስለተናገሩ ነው።

አቶ ሜርል ያደጉት ሎብስተር፣ ያ ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ የድሃ ምግብ በነበረበት ጊዜ ነው። እናታቸው በዳቦ መሃል አድርገው ሲልኩላቸው፣ ተማሪ ቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበሉ ነበር፤ የሱቅ ሥጋ የያዘ ልጅ ጌታ ነው። ዛሬ ያንኑ እንስሳ የከተማ ሰዎች እንደ ሕፃን አንገታቸው ላይ ጨርቅ አስረው፣ ቅቤ እያንጠባጠቡና ፎቶ እየተነሱ ይበሉታል። ማኅበሩ በእነሱ ይስቃል። በገንዘባቸው ግን ስቆ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአባታቸውን ጀልባ ተረከቡ። እንቁላሏን ከጅራቷ ሥር ለጥፋ ያዘለች ሎብስተር ወጥመዳቸው ውስጥ ስትገባ፣ በአገሩ ልማድ ጅራቷ ላይ በቢላ ምልክት አድርገው ወደ ባሕር ይመልሷት ነበር። ምልክት ያላትን ማንም አይሸጥም። ወሽመጣችን ያልደረቀው በዚህ እንጂ በእኛ ብልሃት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋ ሲወድቅ አራት አባላት እንቁላሉን በብሩሽ እየፋቁ እናቲቱን መሸጥ ጀመሩ። አቶ ሜርል በስብሰባ ተነስተው፣ «የልጆቻችሁን እራት እኮ ነው የምትፍቁት!» አሉ። «ምነው ጋሼ፣ ክርስትና አንስተዋቸዋል እንዴ?» ተባሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ የወጥመዳቸው ገመድ ሁሉ ተቆርጦ፣ ወጥመዶቹ ባሕር ሥር ቀሩ። ከዚያም በሙሉ ድምፅ አባረርናቸው። ማኅበሩ እንዲያ ተስማምቶ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሊቀመንበሩ ባለቤት አረፈች። በወደባችን ልማድ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ ወደ ባሕር ሲሸኝ ጀልባ ያለው ሁሉ ይከተላል። አቶ ሜርል ትልቁን ጀልባ ሸጠው ነበርና በመቅዘፊያ ጀልባ ከሁሉም ኋላ መጡ። ማንም ቦታ አልለቀቀላቸውም።

አሁን አቶ ሜርል ሲያርፉ የሥራ አመራሩ የሎብስተር ወጥ ይዞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቬርና ዘንድ ሄደ። እሳቸውም በር ላይ ቆመው፣ «ወጡን መልሱት፤ ሜርል ከልጅነቱ ወዲህ በአፉ አላዞረውም። ልትሸኙት ከሆነ የፋቀ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወደቡ ላይ ቆሞ በገዛ አፉ ይናገር። አለዚያ እኔ ብቻዬን ቀዝፌ እወስደዋለሁ» አሉ።

ገንዘብ ያዡ ክሌይተን፣ «እማማ ቬርና፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ?» ቢሏቸው፣

«ላንተ አልፏል» ብለው በሩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ፣ «ማኅበሩ በአጠቃላይ ተጸጽቷል» እንዲባል ሐሳብ ቀረበ። አጠቃላይ የሚባል ሰው ብሩሽ ይዞ ስላልታየ ሐሳቡ ወደቀ።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ቬርና፣ ለልጃቸው ለዶሪስና ቀድሞ ላልሳቁት ጥቂት የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። እግዚአብሔር እሳቸውን ዕረፍት፣ እኛን ደግሞ እፍረት እንዳይነሳን እንለምናለን።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ቬርና አመዱን ይዘው መቅዘፊያ ጀልባቸው ውስጥ ተቀመጡ። የፋቁት ሦስቱ ጀልባቸውን እንዳሰሩ ቀሩ። አራተኛው፣ ይህን መግለጫ የጻፈው ሊቀመንበር ሎዌል ፎልኪንግሃም፣ ኮፍያውን አውልቆ በሕዝቡ ፊት፣ «እኔ ፍቄያለሁ። ገመዱንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም ሞተሩን አስነሳ።