አድራሻው ጠፋ ስለተባለው ተቋራጭ

ለተከበሩ የክፍለ ከተማችን ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴም ደህና ነን፤ ደህና የሆንነው ግን ያለ ጽሕፈት ቤትዎ እርዳታ ስለሆነ፣ በሪፖርትዎ ውስጥ እንዳያካትቱን በትሕትና አሳስባለሁ።

ታቢታ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የቱላ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ኩማ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አምና ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ዊልቸሩ በመታጠቢያ ቤታችን በር አላልፍ ስላለ፣ በሩን የሚያሰፋ፣ ወለሉን የሚያስተካክልና ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ ብረት የሚተክል ያቤጽ የሚባል ተቋራጭ ቀጠርን። በአርባ ቀን ሊያስረክበን በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈራረምን። በአራተኛው ቀን ግድግዳውን አፈረሰ፤ በአምስተኛው «ሴራሚክ ላመጣ ነው» ብሎ ወጣ። ሴራሚኩ ከየት አገር እንደሚመጣ ባለመጠየቄ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን የማጥበው ጓሮ ውስጥ፣ ላስቲክ ጋርጄ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ላስቲኩን ገንጥሎ ወሰደው፤ ከአጥሩ ማዶ የቀድሞ ተማሪው፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ቆሞ ነበር። ሰውየው በጨዋነት ፊቱን አዞረ። ኩማ ግን «ታቢታ፣ ከእንግዲህ ባልታጠብ ይሻለኛል» አለኝ። ዘጠኝ ቀን ገላውን ውሃ አላስነካም። ወደ እርስዎ የመጣሁት በአሥረኛው ቀን ነው። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ የመዝገብ ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሮማን አቤቱታዬን በአክብሮት ተቀብላ፣ «እትዬ፣ ሰውየው ስልኩን ዘግቷል፤ አድራሻውን ካላመጡልን ልንጠራው አንችልም» አለችኝ። ያጣሁትን ሰው ፈልጌ ካገኘሁት በኋላ ልትፈልጉልኝ ፈቃደኛ ስለሆናችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ወደ ፖሊስ ላካችሁኝ፤ ፖሊስ «ይህ የውል ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ እናንተ መለሰኝ፤ እናንተ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ነበር። በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አጀንዳው «ቀልጣፋ አገልግሎት» መሆኑን አንብቤ ተጽናናሁ።

ሦስተኛ፣ በቀጣዩ ምልልሴ ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ ከፎቅ የሴራሚክ መቁረጫ ድምፅ ሰማሁ። ደረጃውን ወጣሁ። ያቤጽ ተንበርክኮ የእርስዎን የግል መታጠቢያ ክፍል ወለል ያነጥፋል።

«ውይ፣ እማማ ታቢታ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ ደንግጦ።

«አድራሻህን ፍለጋ» አልኩት።

በዚያው ቅጽበት እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው «ያቤጽ፣ ውሃው መቼ ነው የሚለቀቀው?» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ስሙን እንኳ ሳይሳሳቱ ነው የጠሩት።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አልዋሽዎትም። በማግሥቱ ጎረቤቴ ብርቅዬ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ወሰደችኝ። እዚያ ያገኘኋት ሶሊያና የምትባል ወጣት ጠበቃ ጽሕፈት ቤትዎ በሦስት ወር ያልነገረኝን በግማሽ ሰዓት ነገረችኝ፦ የፈረሰውን ፎቶ ያንሱ፣ ውሉንና ምስክሮቹን ይያዙ፣ ቀን የተቆረጠበት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡት፤ በቀኑ ካልመጣ ፍርድ ቤቱ ሥራውን በእሱ ወጪ በሌላ ሰው እንዲያስጨርሱ ሊፈቅድልዎት ይችላል።

ማስጠንቀቂያውን ለያቤጽ የሰጠሁት እዚያው እርስዎ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑ አለፈ፤ ከሰስኩት። ዳኛዋ ፎቶውን አይተው፣ «ባለቤትዎ አሁን የት ነው የሚታጠቡት?» ብለው ጠየቁኝ። በእነዚያ ሁሉ ወራት ይህን የጠየቀኝ ባለሥልጣን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ተፈቀደልን። ከድር የሚባል ግንበኛ በሁለት ሳምንት ጨረሰው። ባለፈው ቅዳሜ ኩማን እስከ በሩ ገፋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ገባ፣ በቀኝ እጁ ብረቱን ጨበጠ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የውሃውን ድምፅ እየሰማሁ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። «ታቢታ፣ ምን ይገትርሻል? ሥራ የለሽም?» ብሎ ጮኸብኝ። ከታመመ ወዲህ ሲቆጣኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ሥራ እንዳለበት ሰው እየሮጥኩ ሄድኩ።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔን በመውሰድዎ ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ግን አላስቸግርዎትም።

ሦስት ወር ሙሉ ቆማ ስታከብርዎ ከኖረች ዜጋ፣
ታቢታ፣ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ላሽግ ስል ለመጀመሪያ አቤቱታዬ የሰጡት መልስ ደረሰኝ። «ጉዳይዎ በመጣራት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። እሺ፣ እጠብቃለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ስላለቀ ግን የምጠብቀው ምን እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል።