«ያፈሳል» ብላችሁ ለጻፋችሁልን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ወንበርዎስ ተስማማዎት? እኛ ደህና ነን፤ ለማለት ያህል። አስቀድሜ የጎረቤታችንን ጤና ልንገርዎ፤ እስካሁን ያልጠየቁት ሥራ በዝቶብዎት እንጂ ጠፍቶዎት እንዳልሆነ አምናለሁ። ጎረቤታችን መካኒክ ናቸው፤ ማንም ብሎን ቢጠፋበት ከኪሳቸው ስለማይታጣ ሰፈሩ ጋሽ ብሎን ይላቸዋል። የቀኝ እጃቸው ፋሻ ትናንት ተፈታ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣታቸው የሉም። አውራ ጣታቸውና ጠቋሚያቸው ደህና ናቸው፤ የመሐሉ አለ፣ ግን አይታጠፍም። ትልቋ ልጃቸው በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሕፃኑ ጡት ይስባል፣ ሲያለቅስ ግድግዳ አልፎ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ አያቱ በግራ እጃቸው ያቅፉታል። ይህን ሁሉ የምዘበዝብዎ መሥሪያ ቤትዎ በጋሽ ብሎን እጅ ላይ እጁ ስላለበት ነው። ሕፃኑም ቢሆን ከነገሩ አልቀረም፤ እመጣበታለሁ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ስለሆንኩ ነጥብና ሰረዝ ብስት ይቅር ይበሉኝ። ቅሬታዬን ግን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ተራ ስንጠብቅ እንዳየሁት መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ይወዳል።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ቀለም ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የሚነዳት፣ ጡብ የምታመላልስ የጭነት መኪና አለችን፤ ከመጀመሪያ ልጃችን በዕድሜ ትበልጣለች። ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብ መርማሪዎ ከኋላዋ ጎንበስ ለማለት ያህል ጎንበስ ብለው፣ ግማሽ ገጽ በሚሆነው ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ቃል ጻፉበት፤ «ያፈሳል»። ማኅተም መቱበት። ዘይት ይሁን ናፍጣ፣ ከላይ ይሁን ከታች አልተጻፈም። ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለ ቢጠይቃቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ከኋላ ነው፣ ካምቢዮው ይውረድ አሉት።

ክቡር ሆይ፣ መኪና ያረጀበት ቤት ለዚህ ነገር ሦስት ቃል አለው። አሮጌ ሞተር ያልበዋል፤ ወዛ ይላል፣ አቧራ ይይዛል፣ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ማለት ነው፤ ማንም አይደነግጥለትም። ከዚያ ሲብስ ያንጠባጥባል፤ ሥሩ ካርቶን ቢያነጥፉለት ነጥብ ይጥልበታል፤ ሲመች ይሠራል። ያፈሳል የሚባለው እያዩት ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተር አጥፍቶ መውረድ እንጂ ሌላ ወሬ የለም። መሥሪያ ቤትዎ ያለው አንድ ቃል ብቻ መሆኑን እኛ አላወቅንም። ያነበብነው በእኛ ቋንቋ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጋሽ ብሎን ከሥሯ ገብተው አይተው ወጡና እንዲህ አሉ፦ «ለእኔ ላብ፣ ቢበዛ ነጠብጣብ ነው የሚመስለኝ። ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ከእኔ ዓይን ይበልጣል።»

2ኛ. ካምቢዮው፣ ያ ከባዱ የማርሽ ሣጥን፣ ወረደ። ትእዛዝ አይደል? ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካምቢዮውን የደገፈው ክሪክ ተንሸራተተ፤ ብረቱ የጋሽ ብሎን ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። እኔ ሥራው ሊያልቅ ነው ብዬ የእጅ ውኃና ሳሙና ይዤ ቆሜ ነበር። ጋሽ ብሎን አልጮሁም። ባለቤቴ ብረቱን በእንጨት አንስቶላቸው ሲወጡ እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝና «ሳሙናውን ተይው» አሉኝ። ካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ፣ ያ ሁሉ የተደከመለት ማለቴ ነው፣ ደረቅ ነበር። ባለቤቴ በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። አየሁት። መልሶ ኪሱ ከተተው።

የሰፈር ሴቶች ሲመጡ አለቅሳለሁ ብለው ጠብቀው ነበር መሰለኝ፤ ነጠላቸውን አዘጋጅተው ነበር። አልመጣልኝም። እስከ ዛሬም አልመጣልኝም። እንግዲህ ዓይኔ ለምርመራ ቢቀርብ ያልፋል ማለት ነው።

3ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ትምህርት ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው። ካምቢዮው በሌላ መካኒክ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ካርቶን ባነጥፍ ነጥቡ እንደ በፊቱ ነው። ባለቤቴ መኪናዋን ቀና ብሎ ማየት ትቶ ነበር። እኔ የማውቀው ጣራ ነው። ጣራ የሚያፈሰው ባንጠባጠበበት በኩል አይደለም፤ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው፣ ውኃው እንጨቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሞተሩን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከጋሽ ብሎን ልጅ የሕፃኑን ፓውደር ተውሼ እንደ አራስ ገላ ነሰነስኩበት። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሣ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

በነጩ ላይ አንድ ጥቁር ክር ታየኝ። ከሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ከኋላኛው ጥግ ተነሥቶ፣ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ፣ መርማሪዎ ጎንበስ ያሉበት ቦታ ላይ ጠብ ይላል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማለቴ ነው፣ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ናፍጣም ለብቻው በሌላ በኩል ይወጣ ነበር። ናፍጣ አያጠቁርም፣ ያጥባል፤ ፓውደሩ አንድ ቦታ እንደ ሊጥ ሆኖ ሥሩ ጸድቶ ያበራል። ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንከሩ የምትመልሰው ቀጭን ጎማ መታሰሪያዋ ላይ ተሰንጥቃ ኖሯል። እንግዲህ በሽታው ይኸው ነው፤ አንድ ጓርኒሲዮንና አንድ ስንዝር ጎማ። ጋሽ ብሎን ወንበር ላይ ተቀምጠው በአፋቸው አሳዩ፣ ባለቤቴ በእጁ ሠራ። ከላይ ነው፤ ካምቢዮውን የነካ ነገር የለም።

4ኛ. ሁለተኛ ጊዜ ስትቀርብ እኔም አብሬ መጣሁ። ግቢዎ ሰፊ ነው፣ ያብዛልዎ። ከእኛ በፊት የቆመው መኪና መሬቱ ላይ ኩሬ የሚያህል ዘይት ትቶ ሄዷል፤ እኛ እዚያው ላይ ቁሙ ተባልን። መርማሪዎ ኩሬውን አዩ፣ «ያፈሳል» ብለው ጻፉ። ወለልዎን ማለታቸው ከሆነ ትክክል ናቸው። መኪናዋን ፈቀቅ አስደርጌ ንጹሕ ካርቶን ከሥሯ አነጠፍኩ፤ ሞተሩ እየሠራ ሰባት መኪና ተመርምሮ እስኪወጣ ቆምን። አንዲት ነጥብ አልወደቀችም። ካርቶኑን አንሥቼ ባሳያቸው፣ ካርቶን በመመሪያው ውስጥ የለም አሉኝ። መመሪያ የሚያከብር ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። መኪናዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን ላይ ቆማለች፤ ጡብ ቤቱም፣ የምናመላልስለት ፋብሪካ፣ ሌላ መኪና ጠርቷል።

የምጠይቅዎ ሰፊ ነገር አይደለም። ጣት መልሱ አልልም፤ ከመሥሪያ ቤትዎ አቅም በላይ ነው። ደረቋን መኪና ደረቅ ናት በሉልን። ከእንግዲህ ለሚመጣውም ሰው «ያፈሳል» ብላችሁ አትተዉት፤ ምን፣ ከየት፣ ምን ያህል፣ እነዚህን ጨምሩለት። ቦታው ወረቀቱ ላይ አለ፤ ለክቼዋለሁ።

ትናንት የጋሽ ብሎን ፋሻ ሲፈታ ቤታቸው ሰው አልጠፋም። የባለቤቴ እኅት መጥታ፣ ግራ እጅም እኮ እጅ ነው ብላ ሄደች። የጡብ ቤቱ ዘበኛ መጥቶ አዲሱ መኪና ዳገት ላይ እንደሚያቃስት ነገረን፤ ሊያስደስተን ብሎ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ መርማሪዎ መጡ። ሊጠይቁ ነው ብዬ ወንበር አቀረብኩ። ለካ የራሳቸውን ትንሽ መኪና ይዘው ነው፤ ነጥብ ትጥላለች፣ ምርመራዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ተረኛው ባልደረባቸው ደግሞ ክፉ ነው አሉ። ጎበዝ መካኒክ እዚህ አለ ተብለው ነው የመጡት፤ የማን ቤት እንደሆነ አላወቁም።

ጋሽ ብሎን ተነሥተው ወጡ። ጎንበስ አሉ፤ ለማለት ያህል ሳይሆን በጉልበታቸው ተንበርክከው። በግራ እጃቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ዘይት ነው። ከማጣሪያው ሥር ነው። ያንጠባጥባል እንጂ አያፈስም» አሏቸው። መርማሪዎ ደስ ብሏቸው ለምስጋና እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ብሎንም የለመዱትን ቀኙን ሰጡ። መርማሪዎ እጁን እንደያዙ ወደ ታች አዩና ምን ሆነው ነው አሏቸው።

«ካምቢዮ ይውረድ ተብለን» አሉ ጋሽ ብሎን።

መርማሪዎ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ወንበሩን መልሼ አስገባሁ።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ማኅተምዎንም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤
በራችን ላይ የቆመችው አሮጌ መኪና ባለቤት ሚስት፣ የጋሽ ብሎን ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርቶን አያይዣለሁ። የእኛ መኪና አይደለችም ነጥብ የጣለችበት፤ ትናንት የመርማሪዎ መኪና ከቆመችበት ሥር አንጥፌ ያነሣሁት ነው። ጋሽ ብሎን ያሏቸውን ከጀርባው ጽፌያለሁ፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ። ሦስት ነገር ነው፤ በእሳቸው ቀኝ እጅ እንኳ ተቆጥሮ ያልቃል።