የምራቅ ብልቃጥ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ስኪልደርስዋይክ

ተርቤ አድሬአለሁ። «የጣልያን ዲቃላ» ተብዬ በድንጋይ ተወግሬአለሁ። መንገድ ሊሠራ መጥቶ በመንደራችን የቀረው አባቴ በድህነት ሲሞት፣ ጎረቤት «ነጭ ሰው ወርቁን ሳይቀብር አይሞትም» ብሎ የጎጇችንን ወለል ሲቆፍር ቆሜ አይቻለሁ። ሲሶ አራሽ ከነበረችው እናቴ ጋር ጉድጓዱን ደፈንን እንጂ ለማንም አላማረርሁም።

ዛሬ እዚህ ፈረንጅ አገር ያደገችው የልጅ ልጄ ራሔል ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ እንትፍ በልልኝ። የዘር ምርመራው ኢጣሊያ ያሉ ዘመዶቻችንን ያገኝልናል።»

«ማን ላከሽ? ያ ፈረንጅ እጮኛሽ ነው?»

«ኔይ፣ አይደለም አባባ! እሱ ምን አገባው? አንተ ደግሞ ሁሉንም ትጠረጥራለህ!»

«የእናቴንስ ወገኖች ያገኛል?»

«እነሱ አይገኙበትማ! ከመንደራችሁ ማን ምራቁን ልኮ ያውቃል?»

የጠረጠርሁት ይህንኑ ነበር። ነጩ ዘመድ ሲገኝ እናቴ ልትረሳ ነው። ብልቃጡን ባዶውን መለስሁላት፤ አኮረፈች፣ ግን አልሄደችም። የኢጣሊያውን ዘመድ ከፈለገች በራሷ ምራቅ ትፈልግ፤ እኔ አልከለክላትም። እስከዚያው ግን የእናቴን ዘር እስከ ሰባት ቤት፣ እናቴ እኔን እንዳስቆጠረችኝ፣ በቃሏ እስክትወጣው አስቆጥራታለሁ። የማወርሰው ይህንን ነው፤ የማወርሰውም ለራሔል ነው፤ ለእጮኛዋ አይደለም።