«ሆድ ብሷቸዋል» ያልገባው ድረ ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጎረቤቴን አዴ ከዲጃን ሲያማቸው የነበረው ጉልበት ተሽሏቸዋል። ልጃቸው መምህርት ሆና ጮሌ የሚባል ሩቅ ወረዳ ከተመደበች ወዲህ ግን እህል አልቀምስ ብለዋል። ይኸው ሳምንት ሆናቸው፤ ፈርቻለሁ።

በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ላይ ስለ እሱ ልጽፍ ያሰብኩት፣ በአማርኛ ሲጠይቁት የሚመልስ አዲስ ድረ ገጽ አለ። እስቲ በእሳቸው ልሞክረው ብዬ «ጎረቤቴ ሆድ ብሷቸዋል፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ሆዬ «ውሃ አፍልተው ያጠጧቸው፤ በርበሬ ይከልክሏቸው፤ ሕመሙ ከጠና ሐኪም ያሳዩ» አለኝ። አማርኛው ያምራል፤ እርስዎ እያለ ያከብረኛል። ሆድ መባስ ግን የጨጓራ ነገር መስሎታል። የልጅ ናፍቆት ነው ብዬ ባስረዳው ይቅርታ ጠየቀና «ስለ ልጃቸው ያጫውቷቸው» አለ። ይኼን ደግሞ ማን አስተማረው?

አሥር ሰዓት ላይ አዴ ከዲጃ ራሳቸው በምርኩዝ መጡ። የመጀመሪያውን መልስ ሳነብላቸው ሳቃቸው መጣ።

«ሐኪም ነኝ ባይ ነው በይኛ» አሉ።

ስለ ልጅቷ እያወራን ካቀረብኩላቸው ገንፎ ሦስት ማንኪያ ቀመሱልኝ። ከዚያ ስልኬን አየት አድርገው «በይ ይህን ሁሉ ካወቀ፣ ልጄ መቼ እንደምትመጣ ጠይቂልኝ» አሉኝ።