ጎዳናችንን የከፈለው መስመር

ይድረስ ለወንድሜ ለሮስኮ፤ የቺካጎ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደጋግ ሰዎች መካከል አለሁ።

አዲሱ የምርጫ ክልል ካርታ ጎዳናችንን ለሁለት ከፍሎ እኔን ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ስለ ነጠለኝ ከሰስን። የቤተ ክርስቲያኑ የእናቶች ማኅበር አባላት ነጭ ለብሰው እስከ ሞንትጎመሪ ፍርድ ቤት ደግፈው አደረሱኝ፤ ውለታቸውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። የመንግሥት ጠበቃ፣ “እማማ፣ ካርታ ማንበብ ይችላሉ?” አለኝ።

“ልጄ፣ አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የያዝከውን ገልብጠኸዋል” አልኩት። ዳኛው ሳይቀር ሳቀ።

ፈረደልንም። ምርጫው ስለ ተቃረበ ግን ካርታው የሚታረመው ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚደረገው ለሚቀጥለው ነው። የእህታችን ልጅ ቨርኔታ፣ “አክስቴ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት!” አለችኝ። ሐኪሜን ሁለት ዓመት እቆይ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ስለ ጓሮዬ አበባ ጠየቀኝ።

በፋሲካ እመጣለሁ ያልኸውን ቀደም አድርገህ በኅዳር ለምስጋና ቀን አድርገው።

አክባሪህ እህትህ ኦዜላ