ጫማ ወረፋ ሲይዝ፦ የወይዘሮ ላምዱዋን ሲሪሱክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ላምዱዋን ሲሪሱክ ከአባታቸው ከአቶ ቲያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬሶን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1955 በአዩታያ አውራጃ፣ ባን ታ ሳይ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ተወለዱ። አባታቸው የአሸዋ ጀልባ ነጂ ነበሩ። እናታቸው ከዘንባባ ቅጠል ትናንሽ ዓሣዎች እየጎነጎኑ፣ ከሕፃናት መኝታ በላይ እንዲንጠለጠሉ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ወይዘሮ ላምዱዋን ገና በልጅነታቸው አባታቸው ወንዝ ላይ ካመሹ እህል አይወርድላቸውም ነበር። ደመና ሲያዩ ስለ ጀልባው ይጨነቃሉ፤ ደመና ከጠፋ ደግሞ ስለ ሩዙ። እናታችን «ይቺ ልጅ ስትወለድ ጭንቀቷ ቀድሟት ወጣ» እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ቡፓ ታስታውሳለች።

በመንደሩ ቤተ መቅደስ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ባንኮክ መጥተው የልብስ ስፌት ተማሩ፤ በሸሚዝ ፋብሪካም ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ታዊ ሲሪሱክ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ታዊ በተፈጥሯቸው ረጋ ያሉ ሰው ስለነበሩ የቤቱ ጭንቀት በሙሉ ለወይዘሮ ላምዱዋን ተረፈ። ከቤት ሲወጡ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ይመለሳሉ፤ በሩ መቆለፉን ለማየት እንደገና ይመለሳሉ። አውቶቡስ ያመለጣቸው ቀን ብዙ ነው። ልጅ ለማግኘት ያልተሳሉበት ቤተ መቅደስ አልነበረም፤ አልሆነላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ከከተማው በስተ ሰሜን በተከፈተው በሱዋን ሩንግ የቤተሰብ መዝናኛ ተቀጠሩ። ሥራቸው የዝሆን ጀልባ በሚባለው መጫወቻ በር ላይ ወረፋ ማስከበር ነበር። በሚያዝያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ፀሐይዋም አናት በምትበሳበት ወር፣ ያ ወረፋ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሕፃናት በብረት አጥር መካከል ቆመው ያለቅሳሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ሽንታቸው ይመጣል፤ አባቶች «ቀደምከኝ፣ አልቀደምኩህም» እየተባባሉ ይጋፋሉ። ወይዘሮ ላምዱዋን ማታ ሩዝ ቀርቦላቸው «ያቺ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው ሕፃን ውሃ ጠጥታ ይሆን?» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ቢጫ ቀሚሷን ከየት እንደሚያውቋት ግራ ይገባቸው ነበር።

ዝም ብለው አልተጨነቁም። መጀመሪያ እርጥብ ፎጣ አደሉ። ቀጥሎ ፊኛ አመጡ፤ አንዱ ፊኛ ሲፈነዳ ወረፋው በሙሉ በድንጋጤ ተበተነ። እንቆቅልሽም ሞከሩ፤ አባቶች ከልጆቻቸው ቀድመው እየመለሱ ልጆቹን አስለቀሱ። በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ነው። እኛ አገር ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ነጠላ ጫማውን አውልቆ ወረፋው ላይ ያስቀምጥና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ጫማው ይቆምለታል። ወይዘሮ ላምዱዋን ይህንኑ ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ኩን ፕራሴት ቢሮ ገቡ፤ ኩን እኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከመግባታቸው በፊት ከእጃቸው የማትለየውን የሚሸተት መድኃኒት በሁለቱም የአፍንጫቸው ቀዳዳ ስበዋል።

«ይሄ ዘመናዊ መዝናኛ ነው ወይስ ጤና ጣቢያ?» አሉ ኩን ፕራሴት።

«ጤና ጣቢያ በሽተኛው እንኳ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ኩን። እኛ ጋ ደህና የመጣው ልጅ ታሞ ነው የሚመለሰው።»

«ጫማ ቢጠፋስ?»

«እኔ እዚያው ነኝ። ወዴት እሄዳለሁ?»

«አንድ ሳምንት ሞክሪ። አንድ ጫማ ከጠፋ ግን አንቺንም ጫማሽንም እንዳላይ!»

እንዲህ ተጀመረ። ከየቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰው ጫማውን ሰልፉ ላይ ያስቀምጣል፤ ቤተሰቡ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ወይዘሮ ላምዱዋን በቀርከሃ ዘንግ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደፊት ይገፋሉ። ምንጣፉ ላይ ከእናታቸው የተማሩትን የዘንባባ ዓሣ መጎንጎን ለሕፃናቱ ያስተምራሉ፤ ያልቻለ ያቀልማል፤ ማቅለም ያቃተው ዓሣውን በትንፋሹ ያዋኛል። ተራቸው ሲደርስ «ጀልባው ይቅር፣ ዓሣዬ አላለቀም!» ብለው የሚያለቅሱ ልጆች መጡ። ኩን ፕራሴት ሳምንቱ ማለቁን ሳያነሡ ቀሩ። ወላጅ ምግብ ሊገዛ ወይም ሌላውን ልጅ ሽንት ቤት ሊያደርስ ሲሄድ «ፓ፣ እቺን አደራ» ይላቸዋል፤ አክስቴ ማለቱ ነው። እሳቸውም የመጨረሻው ጫማ ባለቤቱን እስኪያገኝ ከቦታው ንቅንቅ አይሉም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሚያዝያ ውሃ እየተራጨን አዲስ ዓመታችንን በምናከብርበት በዓል ሰሞን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰልፉ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ቀረ። ሰማያዊ የሴት ነጠላ ጫማ ነበር፤ ተረከዙ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት። ወይዘሮ ላምዱዋን ተጣሩ፤ ማንም አልመጣም። ምንጣፉ ላይ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ዓሣዋን ቀይ ታቀልማለች።

«ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?»

«ፑ።»

«እናትሽ የት ሄዱ?»

ልጅቷ ቀና ብላ በብሩሿ ወደ ሰልፉ ጠቆመች። «ያቻትና! ወረፋ ይዛለች።»

ወይዘሮ ላምዱዋን በድምፅ ማጉያ አስጠሩ፤ ሽንት ቤቱን፣ የምግብ ሱቆቹን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አስፈለጉ። መብራቱ ሲጠፋም ከዚያች ልጅና ከዚያ ጫማ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቃቸው የእናቲቱን መልክ ማስታወስ አልቻሉም። ያን ቀን ስንት እናት «አደራ» ብላቸዋለች! የሕፃናትን ፊት ሲያጠኑ የኖሩት ሴት የትልቅ ሰው ፊት አላዩም ነበር። ይህ እስከ ዕለተ ሞታቸው አንገበገባቸው።

በማግስቱ ኩን ፕራሴት «አየሽ? ጫማ ተዉ ስትያቸው ልጅ ተዉልሽ» አሏቸው። ለቀልድ ነበር፤ ይህን የምትጽፈው እህታቸው ግን ያን ቀልድ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። የጫማው ሰልፍ ቆመ። ወር ሳይሞላ ግን ለቅሶውና ግፊያው ስለበረታ መልሰው ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲያ ወላጅ ልጁን ጥሎ ከምንጣፉ አይነሣም ተባለ። ወይዘሮ ላምዱዋን ግን አንዲት ሐሳብ ከውስጣቸው አልወጣ አለች። እሳቸው ጫማሽን ትተሽ ሂጂ ባይሉ ኖሮ ያቺ ሴት ልጇን ትታ ትሄድ ነበር? በሚያዝያ ሲሚንቶ ላይስ በባዶ እግሯ እንዴት ሄደች? «ቡፓ፣ እግሯ ተልጦ ይሆናል እኮ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ፑ ወደ መንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች። ወይዘሮ ላምዱዋን በዕረፍት ቀናቸው ሁሉ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። የእናቷ ዘመድ ተፈልጎ ሲታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እሳቸውና አቶ ታዊ ልጃቸው አድርገው በሕግ ተቀበሏት። ለዓመታት የለመኑት ልጅ በዚህ መንገድ ሲመጣላቸው ደስታውንም ፍርሃቱንም በአንድ ጉሮሮ ዋጡት። የሰው ልጅ ናት። ባለቤቷ ትመጣለች።

እንድትመጣም አደረጉ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲገቡ ያን ሰማያዊ ጫማ ከወረፋው አጥር የመጀመሪያ ብረት ሥር፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ያስቀምጡት ነበር። ያንኑ ጫማ ቆም ብላ ያየች ሴት ሁሉ ደግሞ ልባቸውን ታቆመው ነበር። ብትመጣ ልጃቸውን ያጣሉ፤ ባትመጣ የልጃቸው እናት በሕይወት መኖሯን ሳያውቁ ሊቀሩ ነው። በዚህ መካከል የሆድ ቁስለት ያዛቸው። ፑ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፦

«እማ፣ ያንን ጫማ ጣይው በቃ! አስጠላኝ።»

«የሰው ዕቃ እንዴት ይጣላል?»

«እኔስ የሰው ዕቃ ነኝ?»

ወይዘሮ ላምዱዋን ሩዝ ጨመሩላት። በማግስቱ ጫማውን እንደገና አስቀመጡት፤ ፑም ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

አቶ ታዊ እ.ኤ.አ. በ2005 በልብ ሕመም ዐረፉ። ፑ የመምህራን ኮሌጅ ገብታ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመረቀች፤ ዛሬ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በተመረቀችበት ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ጠይም፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከመጀመሪያው ብረት ሥር መጥታ ቆመች። ልጅ አልያዘችም።

«ወረፋ ሊይዙ ነው?» አሉ ወይዘሮ ላምዱዋን።

«አይ፣ እትዬ። ጫማዬን አይቼ ነው።»

ወይዘሮ ላምዱዋን ለአሥራ ስምንት ዓመት ሲያጉተመትሙት የኖሩትን ነገር ተናገሩ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ጫማሽን ተይና ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ምን አደረጉ?» አለች ሴትዮዋ። ወይዘሮ ቡንማ ይባላሉ፤ የሰሜን ምሥራቅ ሰው ናቸው። «ያንን ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከረውን ትልቁን መንኮራኩር እዚህ ሲሠሩ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበርኩ። ከላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አይዎት ነበር። የመጨረሻው ልጅ ሳይሄድ አይሄዱም። ቤቴ ያለው ሰውዬ እጁ ከባድ ነበር፤ ልጄን አንድ ቀን ይገድላታል ብዬ ፈራሁ። ቤተ መቅደሱን አሰብኩ፤ ሆስፒታሉንም አሰብኩ። ዞሬ ዞሬ ልጅ የማይጠፋበት ቦታ ያየሁት የእርስዎን ወረፋ ነው።»

ወይዘሮ ላምዱዋን ብረቱን ይዘው ቆሙ። እንደ ሠሩት በደል ሲያዩት የኖሩት ሥራ ለካ ሴትዮዋ ተማምናበት የመጣችበት ነበር። ያም ሆኖ ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም።

«ልትወስጃት ነው የመጣሽው?»

«አይደለም፣ እትዬ። በልታ እንደሁ ልጠይቅ ነው።»

«በልታለች» አሉ ወይዘሮ ላምዱዋን እያለቀሱ። «ዛሬም በልታለች።»

ፑ ለአንድ ዓመት ያህል ወይዘሮ ቡንማን ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረችም። ወይዘሮ ላምዱዋንም አልገፏትም፤ በሁለቱ መካከል እንደ ልማዳቸው እየተጨነቁ ምግብ ያመላልሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፑ ስታገባ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ በሙሽሮቹ እጅ ላይ የምርቃቱን ውሃ ሁለት እናቶች አፈሰሱ። ወይዘሮ ላምዱዋን ግማሹን ውሃ ምንጣፍ ላይ ደፉት። እ.ኤ.አ. በ2015 በጡረታ ተሰናበቱ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሕክምና ላይ ሳሉ ስለ ራሳቸው አንድም ቀን ሲጨነቁ አልታዩም፤ ጭንቀታቸው ሁሉ አስታማሚዎቹ በልተው እንደሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2023 ረፋዱ ላይ፣ ፑ ፊታቸውን፣ ወይዘሮ ቡንማ እግራቸውን እያጠቡላቸው፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ወይዘሮ ቡንማን በምን ስም እንጻፋቸው የሚል ክርክር በቤተሰቡ ተነሥቶ ነበር። አንዳንዱ ወዳጅ አለ፤ አንዳንዱ ይቅሩ አለ፤ እሳቸውም ራሳቸው ይቅሩ ከሚሉት ጋር ነበሩ። ክርክሩን የጨረሰችው ፑ ናት። በእርሷ ቃል መሠረት በወይዘሮ ላምዱዋን ሲሪሱክ ሞት የሚያዝኑ ቤተሰቦች የሚከተሉት ናቸው፦ ታናሽ እህታቸው ቡፓ፣ ልጃቸው ፑ፣ የልጅ ልጃቸው ኖክ፣ እንዲሁም የልጃቸው እናት ወይዘሮ ቡንማ።

በሕይወታቸው ያካበቱት በጎ ሥራ ሁሉ ቀድሟቸው ይሂድ፤ የሚደርሱበት ስፍራ ጥላ ያለው ይሁን። እስኪደርሱም ድረስ አይጨነቁ። ሁላችንም በልተናል።